ሊንክ ልግዛ ወይስ ልጠይቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ። ዌብሳይት ከፍታችኋል፣ ጽፋችኋል፣ ጉግል ላይ ግን አትገኙም። የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ «ሊንክ ያስፈልግሃል» ብሎ ይሸኛችኋል፤ ሌላ ዌብሳይት ወደ እናንተ ገጽ የሚያደርገውን ሊንክ ማለቱ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ዛሬ ስለዚሁ ብቻ እናውራ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ስለ ብስክሌት ጥገና የምጽፍበት ዌብሳይት አለኝ። ፎቶውን ራሴ አነሳለሁ፣ ጽሑፉንም ራሴ እጽፋለሁ። የሚያየኝ ሰው ግን የለም። በቅርቡ አንድ ሰው በኢሜይል «በአንድ ሳምንት 1000 ባክሊንክ እሠራልሃለሁ» አለኝ፤ ከሌሎች ዌብሳይቶች ወደ እኔ የሚመጡ ሊንኮች ማለቱ ነው። ዋጋውም ርካሽ ነው። ልሞክረው ወይ? ደግሞስ ጉግል ሊንክን ለምን እንዲህ ይወደዋል?

መልስ፦ አትሞክረው። ምክንያቱን ግን በደንብ ልንገርህ፤ እሱን ካልያዝከው ነገ ሌላ ሰው ይህንኑ ዕቃ በሌላ ስም ይዞልህ ይመጣል።

ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ያቀረቡት ሐሳብ ለመረዳት ቀላል ነው። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ እየመሰከረለት ነው። ምስክርነት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ራሱ ብዙ የተመሰከረለት ገጽ የሚሰጠው ይከብዳል፣ ማንም የማያውቀው ገጽ የሚሰጠው ይቀላል። አንድ ገጽ ያለውን ክብደት ደግሞ ወደ ውጭ ለሚያወጣቸው ሊንኮች ያከፋፍላል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ 5 ሊንክ ካለበት ገጽ የመጣው አንዱ፣ 500 ከታጨቁበት ገጽ ከመጣው ይበልጣል። ስሌቱን ፔጅራንክ አሉት። ሲያብራሩት ያገኘ ያገኘውን ሊንክ እየተጫነ ከገጽ ገጽ የሚዞር ሰው አስቡ ይላሉ። አንዳንዴ ይሰለቸውና አዲስ ገጽ ከፍቶ እንደገና ይጀምራል። ይህ ሰው ደጋግሞ የሚደርስበት ገጽ ትልቅ ገጽ ነው።

ዛሬ ጉግል ሌላ ብዙ ነገር ያያል። ሊንክ ግን ከጨዋታው አልወጣም።

አሁን ወደ 1000ው። እነዚህ ሊንኮች የሚመጡት ለሊንክ ሲባል ብቻ ከተከፈቱ ዌብሳይቶች፣ ማንም ከማይገባባቸው ፕሮፋይሎች፣ በማሽን ከተሞሉ የአስተያየት መስጫዎች ነው። ብስክሌትን የሚነካ አንድም ነገር የለባቸውም። ሁሉም በአንድ ሳምንት ይግተለተላሉ። ይህን ለመለየት ሰው እንኳ አያስፈልግም፤ ጉግል ስፓምብሬይን የሚለው አሠራር አንዱ ሥራው ይኸው ነው።

ትልልቆቹም አላመለጡም። ጄሲ ፔኒ የሚባለውን የአሜሪካ የመደብር ኩባንያ ጉዳይ ኒው ዮርክ ታይምስ በፌብሩዋሪ 2011 ይፋ አድርጎታል። ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ከማይገናኙ በሺዎች ከሚቆጠሩ ገጾች ሊንክ ይጎርፍለት ነበር። ጉግል እርምጃ በወሰደ ዕለት ምሽት «የሳሎን ዕቃ» ተብሎ ሲፈለግ 1ኛ የነበረው ከሁለት ሰዓት በኋላ 68ኛ ሆነ። ኩባንያው «እኔ አላዘዝኩም» አለ፣ የፍለጋውን ሥራ ይዞለት የነበረውንም ድርጅት አሰናበተ። ደረጃው ግን ወርዶ ነበር።

በኤፕሪል 2012 ፔንግዊን የሚባለው የጉግል ማሻሻያ መጣ፣ ሊንክ ሲገዙ የነበሩ ብዙ ዌብሳይቶችም ወረዱ። ከ2016 ጀምሮ ፔንግዊን የዋናው አሠራር አካል ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የሚያደርገው የተበላሸውን ሊንክ እንደሌለ መቁጠር ነው። ይህን ሰምተው «ታዲያ ምን ይጎዳኛል?» የሚሉ አሉ። ከፍለህ ባዶ እጅህን መቅረትህ አንድ ጉዳት ነው። ሁለተኛ፣ የጉግል ሠራተኛ ራሱ አይቶ ቅጣት የሚጥልበት ጊዜም አለ። ያኔ ሰርች ኮንሶል በሚባለው፣ ጉግል ለዌብሳይት ባለቤቶች በሚሰጠው መሣሪያ ላይ ማስታወቂያ ይመጣልሃል፣ ሊንኮቹን አንድ በአንድ ለማስነሳት ትለፋለህ፣ ከዚያ «እንደገና እዩልኝ» ብለህ አመልክተህ ትጠብቃለህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

በሚቀጥለው ደብዳቤ የሰጠሁትን መልስም አንብበው፤ ለአንተም ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ልብስ ስፌት የማስተምርበት ዌብሳይት አለኝ። ልጆቼ «ሊንክ በእጅሽ ሰብስቢ» ይሉኛል። እንዴት ነው በእጅ የሚሰበሰበው? ቴክኒኩ ብዙም አይገባኝም። ደብዳቤ መጻፍ ግን እችላለሁ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ደብዳቤ መጻፍ ከቻሉ ዋናውን ይችላሉ። ሥራው ይኸው ነው፤ የሰው ገጽ ከፍተው ያነባሉ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያጣራሉ፣ ለዚያ ሰው ብቻ ጽፈው ይጠይቃሉ። ያደክማል፣ ቀስ ይላል። ዋጋ ያለውም ስለዚህ ነው፤ ማሽን በአንድ ሌሊት ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ጉግልም በአንድ ሌሊት ይጥለዋል።

መጀመሪያ ግን ሰው ሊጠቁመው የሚወድ አንድ ገጽ ይኑርዎት። የመነሻ ገጽዎን አይላኩ፤ ያለ ምክንያት የሌላ ሰው መነሻ ገጽ ጠቁሙልኝ ሲባል ደስ የሚለው ሰው የለም። የእርስዎን ዌብሳይት ከፍቼ አይቻለሁ። የስፌት መኪና ክር ለምን እንደሚበጠስ ያስረዱበት ገጽ በጣም ጥሩ ነው። ክሩ በትክክል ገብቷል ወይ፣ መርፌው ደንዝዟል ወይ፣ የላይኛው ክር ከልክ በላይ ተወጥሯል ወይ እያሉ፣ እያንዳንዱን በፎቶ አሳይተዋል። ክር እየተበጠሰበት የተናደደ ሰው የሚፈልገው ይህን ነው። በዚህ ገጽ ይጀምሩ።

ቀጥሎ ለስፌት ተማሪዎች ጠቃሚ ገጾችን ሰብስበው የዘረዘሩ ሰዎችን ይፈልጉ። አሠልጣኞች፣ የስፌት ክበቦች፣ የስፌት መኪና ጠጋኞች እንዲህ ያለ ዝርዝር ያወጣሉ። ጉግል ላይ ሲፈልጉ ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገቡት በትክክል ያንኑ ሐረግ ይፈልግልዎታል፤ «ለስፌት ጀማሪዎች ጠቃሚ ገጾች» የመሰለ ነገር ይሞክሩ። ዝርዝሩን ሲያገኙ ሊንኮቹን አንድ በአንድ ይጫኗቸው። የቆየ ዝርዝር ከሆነ አንዱ ወይም ሁለቱ 404 ይሉዎታል፣ ገጹ የለም ማለት ነው።

እዚህ ጋ ነው ሥራው የሚጥመኝ። የሞተውን ሊንክ አድራሻ ኮፒ አድርገው ዌይባክ ማሽን ላይ ይለጥፉት። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚያስተዳድረው መዝገብ ነው፣ ከ1996 ጀምሮ የተሰበሰቡ የድሮ ገጾች ቅጂ አለበት። ቅጂው ከተገኘ እዚያ ቦታ ምን ተጽፎ እንደነበር ያያሉ። ስለ ክር መበጠስ ከነበረ የእርስዎ ገጽ ቦታውን ይሞላል። ስለ ጥልፍ ከነበረ ግን የክሩን ገጽ ይዘው አይሂዱ። ወይ ይለፉት፣ ወይ ስለ ጥልፍ ጥሩ ገጽ ጽፈው ይመለሱ።

ከዚያ ደብዳቤው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለስፌት ጀማሪዎች ያዘጋጁትን ዝርዝር ዛሬ እያነበብኩ ነበር፤ ስለ መርፌ ቁጥር የጻፉት ጠቅሞኛል። ከላይ ሦስተኛው ላይ ያለው የክር መበጠስ መመሪያ ግን አይከፈትም፣ ገጹ ጠፍቷል። እኔም ስለዚሁ በፎቶ የጻፍኩት አለ፤ አድራሻውን ከታች አስቀምጫለሁ። አይተው ለአንባቢዎችዎ ይጠቅማል ካሉ በጠፋው ቦታ ሊያስገቡት ይችላሉ። ባያስገቡትም የተበላሸውን ቢያውቁት ብዬ ነው።»

በቃ። ባለቤቱ የተበላሸውን ሳይፈልግ ያገኘዋል፣ እርስዎ ገጹን በእርግጥ ማንበብዎን ያያል፣ እምቢ ለማለትም ነፃ ነው። ለእኔ ግን በየጊዜው የሚደርሰኝ ሌላ ዓይነት ነው፤ «ውድ የዌብሳይቱ ባለቤት፣ በድንቅ ሥራዎ ተደንቄያለሁ፣ ሊንክ ብናደራርግ ሁለታችንም እንጠቀማለን» የሚል። የቱን ሥራዬን? አይልም። ኮፒ ፔስት መሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ታውቁታላችሁ፣ ወደ ቆሻሻ ትጥሉታላችሁ።

አብዛኛው ሰው አይመልስልዎትም። አይክፋዎት፣ ሰው ሥራ ይበዛበታል። ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና ያስታውሱት፣ ከዚያ ይተዉት። ለማን፣ መቼ፣ ስለየትኛው ገጽ እንደጻፉ በሠንጠረዥ ይያዙ፤ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ መጠየቅ ያሳፍራል።

ሌላም መንገድ አለ፣ ከሁሉ የሚቀለው። ስምዎን ወይም የዌብሳይትዎን ስም ጠቅሶ ሊንክ ሳያደርግ የቀረ፣ ወይም ፎቶዎን ወስዶ ምንጩን ያልጠቀሰ ሰው ካለ ይፈልጉት። እሱ እርስዎን አስቀድሞ ያውቅዎታል። አንድ መስመር ይበቃዋል።

ለእያንዳንዱ ሊንክ ደግሞ ራስዎን ይጠይቁ፤ ጉግል ባይኖር ኖሮ ይህን ሊንክ እፈልገው ነበር? ሊንኩን ተጭኖ የሚመጣው ሰው የፈለገውን ያገኛል? ሁለቱንም አዎ ካሉ ይጻፉ። ለአንዱ እንኳ አይ ካሉ ጊዜዎን ለሚቀጥለው ጽሑፍ ያውሉት። በዚህ ጉዳይ እኔ የማምነው ይህንኑ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ዌብሳይት ስለ እኔ ጻፈ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን አይቶት «ኖፎሎው ነው፣ ምንም አይጠቅምሽም» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን አይደለም፣ ደስታሽንም አትተዪው። ኖፎሎው የመጣው በ2005 ነው። የአስተያየት መስጫዎች በቆሻሻ ሊንክ ሲጥለቀለቁ ጉግል፣ ያሁ እና ኤምኤስኤን የተባሉት የፍለጋ አገልግሎቶች የተቀበሉት ምልክት ነው። ሊንኩ ኮድ ላይ ይገባል፣ «ለዚህ ገጽ እኔ አልመሰክርም» እንደማለት ነው። በ2019 ጉግል ሁለት ጨመረበት፤ «ስፖንሰርድ» ገንዘብ ለተከፈለበት፣ «ዩጂሲ» ተጠቃሚዎች ራሳቸው ለሚጽፉት። በዚያው ጊዜ እነዚህን ምልክቶች ከእንግዲህ እንደ ጥቆማ ነው የማያቸው አለ። ማለትም ሊቆጥረውም ላይቆጥረውም ይችላል።

ይህን ሁሉ ተዪውና ግን፣ ሊንኩን ሰው ይጫነዋል። ከሚጫኑት አንዱ ራሱ የሚጽፍ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እሱም ነገ በራሱ ገጽ ላይ ይጠቅስሻል። ዊኪፒዲያ ላይ ያሉት የውጭ ሊንኮች ኖፎሎው ናቸው፣ ሆኖም እዚያ መጠቀስን የሚንቅ ሰው አላየሁም። ሄደሽ ራስሽ አስገቢው ማለቴ ግን አይደለም፤ አርታኢዎቹ ያነሱታል፣ ልክም ናቸው።

ጥያቄ፦ ሊንክ የሚያደርግልኝን ሰው «ምርጥ የፎቶ ማስተካከያ ትምህርት» በሚለው ሐረግ ላይ አድርግልኝ ልበለው? ሰው ሲፈልግ እንዲያገኘኝ የምፈልግበት ቁልፍ ቃሌ እሱ ነው።

መልስ፦ አትበለው። ሊንክ የሚደረግበት ጽሑፍ፣ አንከር ቴክስት የሚሉት፣ ክብደት እንዳለው ትክክል ነህ። ድሮማ ከልክ በላይ ነበረው። ከ2003 ጀምሮ ሰዎች ተነጋግረው «አሳዛኝ ውድቀት» በሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ላይ ሊንክ እያደረጉ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን የሕይወት ታሪክ ገጽ በዚያ ፍለጋ አንደኛ አውጥተውት ነበር፤ ሐረጉ ገጹ ላይ ሳይኖር። ጉግል በጃንዋሪ 2007 አስተካከለው።

ሰው በራሱ ፈቃድ ሲጽፍ አንዱ ስምህን ይጠቅሳል፣ ሌላው የጽሑፉን ርዕስ፣ ሌላው «እዚህ ይመልከቱ» ይላል። ሃያ ሰው ያንኑ አንድ ሐረግ ከጻፈ የተቀነባበረ መሆኑ ይታወቃል። የገጽህን ርዕስ ግልጽ አድርገህ ጻፈው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ እሱን ነው የሚገለብጡት።

ጥያቄ፦ «ዲኤ 60 ያለው ዌብሳይት ላይ ጽሑፍህን እናወጣልሃለን፣ ትንሽ ክፍያ ብቻ» ተባልኩ። ዲኤ የጉግል ነጥብ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ዲኤ፣ ማለትም ዶሜይን ኦቶሪቲ፣ ሞዝ የሚባለው ኩባንያ አንድ ዌብሳይት በፍለጋ ምን ያህል ሊወጣ እንደሚችል የሚያወጣው ግምት ነው። ኤችሬፍስ የሚባለው ሌላ ኩባንያም ዶሜይን ሬቲንግ የሚል የራሱ አለው። ሁለቱም ለማነጻጸር ይጠቅማሉ፣ ጉግል ግን አይጠቀምባቸውም። ጉግል ለሕዝብ ያሳየው የነበረው የፔጅራንክ ቁጥር በ2016 ተነሥቷል። ስለዚህ ሻጩ የሚያሳይህ ቁጥር ከፍ እንዲል ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሊንክ የሚሸጥ ሰው ይህን ማድረግ አያቅተውም።

ቁጥሩን ትተህ ዌብሳይቱን ክፈተው። ስለ ምን ነው የሚጽፈው? ዛሬ ስለ ብድር፣ ነገ ስለ ውሻ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ቁማር ከሆነ ውጣ። እዚያ የሚያነብ ሰው የለም፣ ሁሉም ከፍሎ የገባ ነው። ከፍለህ የምታወጣው ጽሑፍ ላይ ያለው ሊንክ ደግሞ «ስፖንሰርድ» ወይም ኖፎሎው መባል አለበት፣ የጉግል ደንብ ነው። ሻጩን «ምልክቱን ታደርጋለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን ስትሰማ ምን እንደሚሸጥልህ ታውቃለህ።

በእንግድነት መጻፍ ራሱ ግን ጥፋት የለውም። የምታከብረው፣ አንባቢ ያለው ቦታ ከጋበዘህ ጻፍ፣ ምርጥህን ስጣቸው።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ሊንክ ብንለዋወጥ ችግር አለው?

መልስ፦ አንተ ስለ ጊታር፣ እሱ ስለ ሙዚቃ ቀረጻ የምትጽፉ ከሆነ የለውም፤ እንዲያውም አለመጠቃቀሳችሁ ነው የሚገርመው። ጉግል የሚከለክለው ለመለዋወጥ ሲባል ብቻ የሚደረገውን፣ የበዛውን ነው። «አጋሮቻችን» የሚል ገጽ ከፍቶ መቶ ሊንክ መደርደር እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰርች ኮንሶል ላይ ሳይ የማላውቃቸው አስቀያሚ ዌብሳይቶች ሊንክ አድርገውብኛል። ተፎካካሪዬ ይመስለኛል። ልሰርዛቸው?

መልስ፦ ተረጋጊ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሁሉም ዌብሳይት ላይ አለ፣ ጉግልም በአብዛኛው አይቆጥረውም። «እነዚህን አትቁጠሩብኝ» የሚባልበት ዲሳቫው የሚባል መሣሪያ ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ አለ። እሱ ግን ሊንክ ገዝቶ ለተቀጣ ወይም ቅጣት ለሚያሰጋው ሰው ነው። አንቺ ካልገዛሽና ሰርች ኮንሶል ላይ የቅጣት ማስታወቂያ ከሌለ አትንኪው። በስህተት ጥሩ ሊንክ ብታስገቢበት የምትጎጂው ራስሽ ነሽ።

ጥያቄ፦ ያልከኝን ሁሉ ሳደርግ ወራት አለፉ። ስለ ሕፃናት እንቅልፍ የምጽፍ ነርስ ነኝ። ለሰው ጽፌ ሊንክ አግኝቻለሁ፣ ሁለቱ እንዲያውም ትልልቅ ናቸው። ዋናው የእንቅልፍ ገጼ ግን ጉግል ላይ ፈቀቅ አላለም። ሰልችቶኛል።

መልስ፦ ሊሰለችሽ ይገባል፤ የአንቺ ግን ሊንክ የማጣት ችግር አይመስለኝም። ሊንክ ሁሉንም አይፈታም፣ ሊንክ የሚሸጡልሽ ሰዎች ይህን አይነግሩሽም።

መጀመሪያ ገጹ ጉግል ውስጥ መኖሩን እይ። ሰርች ኮንሶል ላይ አድራሻውን አስገቢ፣ ኢንዴክስ ሆኗል፣ ማለትም ጉግል መዝግቦታል፣ ወይስ አልሆነም ይልሻል። ዌብሳይት ሲሠራ ጉግል እንዳይገባ «ኖኢንዴክስ» ተደርጎ፣ ሲያልቅ ሳይነሳ ይረሳል። እንዲህ ሲሆን ሺህ ሊንክ ቢመጣም ገጹ አይወጣም።

እሱ ደህና ከሆነ፣ የምትፈልጊውን ቃል ራስሽ ጉግል ላይ ጻፊና የሚወጡትን አሥሩን አንብቢ። ሁሉም «ሕፃን ሌሊት ለምን ይነቃል» የሚለውን በዕድሜ ከፋፍለው የሚመልሱ ከሆነና ያንቺ ስለ እንቅልፍ ጥቅም በጠቅላላው የሚያወራ ከሆነ፣ ሰው የጠየቀውና አንቺ የመለስሽው አልተገናኘም። ጽሑፉን ቀይሪው። አድራሻውን ግን አትለውጪ፣ ያገኘሻቸው ሊንኮች የሚመጡት ወደዚያ ነው። የግድ ከሆነ ከድሮው ወደ አዲሱ 301 የሚባለውን ቋሚ ማዞሪያ አድርጊ፤ ካላደረግሽ የለፋሽባቸው ሊንኮች ወደ 404 ይገባሉ።

ሦስተኛው ነገር ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከራስሽ ገጾች ወደዚያ ገጽ ስንት ሊንክ አለ? በላክሽልኝ አድራሻ ገብቼ ሳይ፣ ከሌሎቹ ጽሑፎችሽ አንዱም ወደዚያ አይወስድም። ትልልቆቹ ሊንኮች ያረፉት ደግሞ መነሻ ገጽሽ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ እንቅልፉ ገጽ መንገድ የለም። መነሻ ገጽሽ ላይ አንዱን ሊንክ ለእሱ ስጪው። ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ጥርስ ማብቀል የጻፍሻቸውንም ክፈቺ፤ ሁለቱም ውስጥ ስለ ሌሊት መነሳት የሚያወራ አንቀጽ አለ። እዚያው አንቀጽ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ፣ ሊንኩን አድርጊ። ዛሬ ማታ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከዚያ ጉግል ገጾቹን እንደገና እስኪያያቸው ጥቂት ሳምንት ስጪውና ሰርች ኮንሶል ላይ በፍለጋ ስንት ጊዜ እንደታየሽ የሚያሳየው ቁጥር ተለውጦ እንደሆነ ጻፊልኝ።